ስለ ባቡሩ፣ ስለ መለዋወጫውና ስለ ስጦታችን

(በሚዛን ተፈሪ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ አንዲት የማኅበሩ አባል ሐኪም ያደረጉት ንግግር)

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣችሁት ጅማንና ቦንጋን አልፋችሁ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለተጓዛችሁ ወገባችሁን እንደሚያማችሁ አውቃለሁ። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የዚህ አገር ልጅ መሆን ይበቃል።

አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገሪ» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ላወራችሁ ነው። ሚዛን ላይ ቆሞ ስለ አዲስ አበባ ባቡር ማውራት ግራ እንደሚያጋባ ይገባኛል። እዚህ ሐዲድ የለም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ በጅማ መጥቶ፣ በጉራፈርዳ አድርጎ ወደ ዲማ የሚወጣ መስመር ተሰምሮ ነበር። ጉራፈርዳ ማለት እኮ እዚሁ ጎረቤታችን ነው! ግን እስካሁን ከካርታው አልወረደም። እኔም የእሱን ወሬ ይዤ አልመጣሁም። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ አለ፤ ተማሪዎቻችን ለልምምድ ለሚወጡበት የዚህ አካባቢ ሆስፒታል ማኅበራችን ምን ይስጥ የሚለው። በዚያ ጉዳይ ላይ አሳቤን የቀየረው ባቡሩ ስለሆነ ከባቡሩ ልጀምር።

የመጀመሪያው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ እሁድ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ ነበር፤ የዚያን ዕለት ዲዩቲ ላይ ነኝ። በማግስቱ አንዲት ነርስ ጓደኛችን የተሳፈረችበትን ትኬት ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣ መጣች። ትኬቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ትንሽ ወረቀት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ሁላችንም አገላብጠን አየነው። ሁለተኛው መስመር ጥቅምት 29 ቀን ተከፈተና የእኔም ተራ ደረሰ። ተከራይቼ የምኖረው መሪ አካባቢ ስለነበር ከዚያ ተሳፍሬ ለገሃር እወርድ ነበር።

ታሪኩን የምታውቁት ታግሣችሁ ስሙኝ። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሰሜን ደቡብ የሚባለው መስመር ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአትክልት ተራ፣ በጎጃም በረንዳና በአውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ ልደታና ሜክሲኮ ደርሶ፣ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይገባል። ምሥራቅ ምዕራብ የሚባለው ከአያት ተነሥቶ በመገናኛና በኡራኤል አልፎ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። ሁለቱም አንድ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣሉ፤ ፌርማታዎቹ 39 ናቸው። ፒያሳ አካባቢ ሐዲዱ ከመሬት በታች ስለሚያልፍ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ ነበር። «አይመለስም» ብሎ ያልተወራረደ ሰው አልነበረም። በ2008 ተመልሶ ቆመ፤ የተወራረደም ከፈለ።

አሠራሩን ለመሐንዲሶቻችን ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ለሌሎቻችን ግን ጥቂት ልበል። ባቡሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ የሾፌር ክፍል ስላለው መዞር አያስፈልገውም፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ አለቀ። አንዱ ባቡር እስከ 286 ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው። በ12 ሰው ሚኒባስ ብናካፍለው ወደ 24 ሚኒባስ መሆኑ ነው። አብዛኛው ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ከፌርማታው ቀጥ ብላ ትገባለች፤ የታክሲ ደረጃ መውጣት የለ፣ አጎንብሶ መግባት የለ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነበር።

አንድ ደካማ ጎንም አለው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ፌርማታዎች ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ ላይ አንድ ባቡር ቢቆም የቃሊቲውም የአያቱም ይቆማል። ሐኪሞች ሥዕሉን ስታዩት የልብን ዋና የደም ሥር ያስታውሳችኋል።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ስማቸውን ትቼ እትዬ ልበላቸው። ከቴፒ ወዲያ ካለ የቡና መንደር የመጡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሴት ናቸው፤ ሕመማቸው የማህፀን በር ካንሰር ነበር። የጨረር ሕክምና በዚያን ጊዜ በአገራችን የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። ወረፋውን አታንሡብኝ። ተራቸው ሲደርስ ግን ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት የሚሰጥ ነው። አልጋ ይዘው የሚተኙበት አይደለም፤ በየቀኑ ከቤት ተመላልሰው ነው። እትዬ ደግሞ አዲስ አበባ ቤት የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ ቃሊቲ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እሱ ጋ አረፉ።

ከቃሊቲ ተሳፍረው ለገሃር ይወርዱና በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ቀስ እያሉ፣ ትግላችን ሐውልት አጠገብ አረፍ ብለው፣ ሆስፒታል ይደርሳሉ። የባቡሩ ዋጋ በመጀመሪያው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ረጅሙን እንኳ ብንይዝ ደርሶ መልስ 12 ብር፣ ለ25 ቀን 300 ብር ነው። በኮንትራት ታክሲ ቢሆን 300 ብር ሁለት ቀንም በደንብ አያስኬድ። አንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ አግኝቻቸው «እንዴት ነው መንገዱ፣ አልከበደዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ባቡሩ ባይኖር በሦስተኛው ቀን አገሬ እገባ ነበር» አሉኝ።

ሕክምናቸውን ጨረሱ። ይህን የምለው ከባድ ነገር ስለሆነ ነው። ሕክምና ጀምረው ያቋረጡ ስንቶቹን አውቃለሁ። ያቋረጡት መድኃኒቱ ጠልቷቸው አይደለም፤ የቤት ኪራይና የታክሲ ገንዘብ አልቆባቸው ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ያ ባቡር ከመጀመሪያውም መሠራት አልነበረበትም» ሲል አልስማማም። ጥፋት የለውም እያልኩ አይደለም። አጥሩ ሰፈርን ለሁለት ከፍሏል፤ ፊት ለፊት ያለ ጎረቤት ጋ ለመሄድ ብዙ ዞሮ ማቋረጥ የግድ የሆነባቸው ሽማግሌዎች አሉ። ቢሆንም እትዬን ያደረሰ ባቡር ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ላይ ያሉት ከአሥር እንደማይበልጡ በይፋ ተነገረ። ሌሎቹ አያትና ቃሊቲ ዴፖ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጠገኑና የተመለሱ አሉ፤ ግን ሰባት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ ባቡር ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንዲሠራ የሚገዛ ዕቃ ነው። ሐዲዱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ሾፌሮቹም ሰልጥነው ሥራውን ከቻይናዎቹ ተረክበዋል። የጠፋው መለዋወጫ ነው። የብረት ጎማ እየተንከባለለ ያልቃል። ቶርኖ ላይ ወጥቶ ቅርጹ ይስተካከላል፣ በተስተካከለ ቁጥር ግን ይሳሳል፣ አንድ ቀን አዲስ ይፈልጋል። ፍሬን ያልቃል። የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ይቃጠላል። እነዚህ ሁሉ ከውጭ የሚመጡ፣ በዶላር የሚገዙ ናቸው።

እስቲ ሒሳቡን እዩት። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር የባንክ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር። ያኔ የ6 ብር ትኬት ከሩብ ዶላር በላይ ነው። በ2015 አጋማሽ ዶላሩ 53 ብር ገደማ ደረሰ፤ ያው 6 ብር 11 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ፍሬኑን የሚሸጠው ፋብሪካ ግን የሚጠይቀው ያንኑ ዶላሩን ነው። «እንግዲያው ትኬቱ ይጨመር» ትሉኝ ይሆናል። ጨምሩና እትዬን በሦስተኛው ቀን ወደ አገራቸው ላኩልኝ! ከተሳፋሪው ኪስ የማይወጣ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ፣ ገና ባቡሩ ሲገዛ፣ ተቆርጦ መቀመጥ ነበረበት። ሦስተኛ መንገድ አይታየኝም። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን የሚታያችሁ ካለ በሻይ ሰዓት ንገሩኝ፤ ደስ ይለኛል።

የዱሮው ባቡራችን በዚህ በኩል ይሻል ነበር። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የወረስነው የእሱ ጣቢያ ስም ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ እያነከሰም ቢሆን ዘጠና ዓመት ገደማ ሠራ። ድሬዳዋ ትልቅ ወርክሾፕ ስለነበረው ነው። የተሰበረው እዚያ ይቀጠቀጣል፣ ይገረዛል፣ ይበየዳል። የድሬዳዋ ሰው ልጁን ለባቡር ሙያ አስተምሮ፣ ልጁም ልጁን አስተምሯል። ባቡር ከመጣ ወርክሾፕም አብሮ መጣ ነው ነገሩ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው ብል ይሻላል። አባቴ በበቃ ቡና እርሻ መካኒክ ነበር። ክረምት ላይ፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ መፈልፈያዎቹን ፈታትቶ ያያል። አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፤ የትኛው ቡሎን፣ የትኛው ቺንጋ፣ የትኛው ኩሽኔታ መቼ እንደተቀየረና ስንት ትርፍ እንዳለ ይጽፍባታል። ልጅ ሆኜ «ያልተበላሸውን ለምን ትፈታዋለህ?» ስለው፣ «ቡናው ከቀላ በኋላ ማን ይጠብቀኛል?» ይለኝ ነበር። እዚህ ያላችሁ የቡና ሰዎች ታውቁታላችሁ። እሸት ቡና ተለቅሞ መጥቶ ማሽኑ ቢቆም፣ ያ ቡና አድሮ ይበላሻል።

አሁን ወደ ሆስፒታል ልምጣ፤ ስሙን አልጠራውም። ከስፔሻሊቲ በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል በስጦታ የመጣ አልትራሳውንድ ነበረ። የመጣ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፤ እኔም ፎቶው ላይ አለሁ፣ ፈገግ ብዬ። ዓመት ከመንፈቅ ሠራ። ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ መጣና የኃይል ማስገቢያው ካርድ ተቃጠለ። ስታብላይዘር አብሮ አልተገዛም ነበር። ካርዱን የሚያመጣ አልተገኘም፤ ለጥገና የተያዘ በጀት የለም፤ ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልስ ተጠበቀ። ማሽኑ አንሶላ ለብሶ ኮሪደር ላይ አሥራ አራት ወር ቆመ። አንሶላው ላይ ሰው ጋቢውን ያስቀምጥበት ጀመር።

በአሥረኛው ወር አንዲት ነፍሰ ጡር እየደማች መጣች። ሰባት ወሯ ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶት እንደሆነ ማየት ነበረብኝ፤ ያን ሳላይ በእጄ መመርመር አልችልም፤ ብነካው ደሟ ይብሳል። በአልትራሳውንድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ማሽኑ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ጉሉኮስ ሰቅዬ፣ ደም የሚሰጡ ዘመዶቿን መኪና ላይ ጭኜ፣ በዚያ መንገድ ወደሚሻል ሆስፒታል ላክኋት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር ወይ? ሰባት ወር ነው፣ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። የማውቀው ግን በዚያች ሌሊት ከግምት ሌላ ምንም በእጄ እንዳልነበረ ነው። የስታብላይዘሩን ዋጋ በኋላ ገበያ ወጥቼ ጠየቅሁ። የዚያን ቀን የሪባኑ ድግስ ከወጣበት ያንሳል።

በ2015 ስለቆሙት ባቡሮች ስሰማ ቶሎ ትዝ ያለኝ ያ አንሶላ ነው።

እንግዲህ የስጦታው ኮሚቴ ያቀረበው አሳብ በእጃችሁ አለ። የሰበሰብነውን በሙሉ አውጥተን አዲስ አልትራሳውንድና ሁለት የሕሙማን መከታተያ ሞኒተር እንግዛ ይላል። ኮሚቴውን አከብራለሁ፤ ብዙ ደክመውበታል። እኔ የማቀርበው ማሻሻያ ግን አለ። ሞኒተሮቹ ይቅሩ። አልትራሳውንዱ ብቻ ይገዛ፤ ከጠቅላላው ገንዘብ 30 በመቶው ተለይቶ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ከእሱ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛል፤ ሆድ ላይ የምናንቀሳቅሰው እጀታ፣ ፕሮብ የምንለው፣ አንድ ትርፍ ይገዛል፤ ምክንያቱም ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው፣ ይወድቃል፣ ገመዱ ይቆረጣል። በተረፈው ደግሞ የሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ከሻጩ ዘንድ ሥልጠና ይውሰድ። ሻጩም የአምስት ዓመት የጥገና ውል ካልፈረመ አንግዛው። ገንዘቡን ከከፈልን በኋላ ስልክ የሚያነሣልን የለም፤ ሳንከፍል ነው መነጋገር።

አንድ የምወደው መሐንዲስ ወንድማችን ትናንት እራት ላይ «ዶክተር፣ በመለዋወጫ ላይ የማኅበሩ ስም አይጻፍም እኮ፤ ሰው የሚያዋጣው የሚታይ ነገር ሲያይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ሞኒተር የሚጠብቁ ሕሙማንም አሉ፤ «ይቅር» ስል ቀላል ነገር እያልኩ እንዳልሆነ እወቁልኝ። ግን የሚታየውን ነገር አምስት ዓመት ቆይተን ስንመጣም ሲሠራ ብናየው ይሻለኛል። የግድ ስማችን ይጻፍ ከተባለ ስታብላይዘሩ ላይ እንጻፈው፤ ቦታ አለው፣ ሰፊ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ማሻሻያዬ ካለፈ ደብተር የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ በየሦስት ወሩ ሆስፒታሉ ሄዶ ማሽኑ መሥራቱን የሚያይ፣ የተቀየረውን የሚጽፍ። ሚዛን ስለምኖር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኔ እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከቴፒ ወይም ከቦንጋ አንድ አባል ቢረከበኝ ጥሩ ነው፤ ፈቃደኛ ያላችሁ ከምሳ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። ድምፅ የሚሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው።